አንድ ኪሎ ማር በምን ዕቃ ይጣላል?

በትንሹ የምጥለው ጠጅ ወር ሳይሞላው መኮምጠጡን ትቶ ሁለት ወር መዝለቅ ጀምሯል። ማሩም ጌሾውም የበፊቱ ነው፤ የተለወጠው ዕቃው ብቻ። ስለዚህ አጣጣሉን በሩጫ አልፌ ወደ ዕቃው እገባለሁ።

አጣጣሉ የታወቀው ነው። አንድ ኪሎ ማር በሦስት ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፤ ብርዙ ሁለት ሦስት ቀን ተሸፍኖ ይቆያል፤ ሰፈፉ ይገፈፋል፤ 100 ግራም ገደማ የጌሾ እንጨት ይገባል፤ ከ10 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ እንጨቱ ወጥቶ ይጣራል። ቅጠል ይሻላል እንጨት የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። አንድ ኪሎ ማር 0.7 ሊትር ገደማ ቦታ ስለሚይዝ ብርዙ 3.7 ሊትር ይሆናል። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

ጠጁ እስኪጣራ ድረስ የሚያስፈልገው አፉ ሰፊ የሆነና ሩቡ ባዶ የሚቀር ዕቃ ነው። ለ3.7 ሊትር ብርዝና ለጌሾው ባለ 5 ወይም ባለ 6 ሊትር ክዳናም ባልዲ በቂ ነው። ከዚያ ካነሰ አረፋው ክዳኑን ይገፋል። እንጨቱ ደግሞ ከላይ ተንሳፍፎ ስለሚደርቅ ሻጋታ ያበቅላል። ጠዋትና ማታ በንጹህ ማንኪያ ወደ ታች መጫን ነው። በዚህ ሰሞን አየር ብዙ አያሰጋም፤ ከጠጁ የሚወጣው ጋዝ ራሱ አየሩን ይገፋዋል። ፕላስቲክ ከሆነ ከሥሩ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ወይም 5 የተጻፈበትን ምረጡ፣ ለምግብ የተሠራ መሆኑንም አረጋግጡ። ቁጥሩ የፕላስቲኩን ዓይነት እንጂ ከዚህ በፊት ምን እንደተቀመጠበት አይናገርም። ምናለሽ ተራ የሚሸጥ ያገለገለ ጀሪካን ምን ይዞ እንደመጣ ካልታወቀ ለጠጅ አይሆንም፤ በርካሽ ቢገኝም አይሆንም። የዘይት ጀሪካን በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ተከድኖ አድሮ፣ ጠዋት ሲከፈት ከሸተተ ለውሃ መቅጃ ይሁን። አሉሚኒየምና ዚንክ የተለበጠ ባልዲ ጭራሽ አይታሰብም፤ የጠጁ አሲድ ብረቱን ይበላዋል። የማይዝግ ብረት ድስት ግን ምንም አይለውም።

ነገሩ የሚበላሸው ከተጣራ በኋላ ነው። ጌሾው የሚመጠው ጠጅና ከታች የሚቀረው አተላ ሲቀነስ 3.7 ሊትሩ ወደ 3.2 ይወርዳል። አብዛኛው ሰው ይህንኑ ወደ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን መልሶ ይከድነዋል። ከላይ ወደ ሁለት ሊትር የሚጠጋ አየር ተቀመጠ ማለት ነው። ጠጁ ደግሞ አሁን እንደ መጀመሪያው አይፈላም፤ አየሩን የሚገፋ ጋዝ የለም። አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጠው ባክቴሪያ የሚፈልገው ኦክስጅን ነው፤ ተዘጋጅቶለታል። በጀሪካኑ ውስጥ የጠጁ ገጽ 15 በ20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ያው ጠጅ አፉ 3 ሴንቲ በሆነ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ቢሞላ አየር የሚነካው 7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ከአርባ እጥፍ በላይ ልዩነት አለው።

«እናቶቻችን በጋን ሲጥሉ ጠርሙስ ለክተው ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ጋን ትልቅ ነው። ባለ 40 ሊትር ዕቃ ቅርጹን ሳይለውጥ ወደ 5 ሊትር ቢያንስ ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው የአየር ገጽ እጥፍ ይሆናል። የድግስ ጋን ደግሞ ከተከፈተ በቀናት ውስጥ ያልቃል። የጋኑን ልማድ እንዳለ ወደ ትንሽ ዕቃ ማውረድ የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

መፍትሔው አንድ ተስማሚ ዕቃ መፈለግ ሳይሆን በመጠን የተለያዩ ጠርሙሶችን አጠራቅሞ ጠጁን ማከፋፈል ነው። ለ3.2 ሊትር፦ አንድ ባለ 2 ሊትር የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አንድ 750 ሚሊ ሊትር የወይን ጠጅ ጠርሙስ፣ አንድ 330 ሚሊ ሊትር የቢራ ጠርሙስ። ድምሩ 3.08 ነው፤ የተረፈችው የቀማሽ ናት። ሁሉም ከአፋቸው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ጎደል ብለው ይሞላሉ። ቆራሌው በየሰፈሩ ጠርሙስ ሲሰበስብ ስለሚውል አስቀድሞ መጥራት ነው።

የለስላሳው ጠርሙስ የሚመረጠው ግፊት እንዲችል ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ሃይላንድ ግን ስስ ነው፣ አይተካውም። የለስላሳ ፕላስቲክ ሌላም ጥቅም አለው፦ ጠጁ ባይሞላው ጎኑን ጨምቆ ጠጁ እስከ አፉ ሲደርስ ክዳኑን ማጥበቅ ይቻላል፤ አየር አይቀርም። ጋዝ ሲፈጠር የተጨመቀው ጎን ይመለሳል፤ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ክዳኑን ላላ አድርጎ ማስተንፈስ ነው። በዚህ ፕላስቲክ ውስጥ ኦክስጅን ቀስ እያለ ስለሚያልፍ ከሁለት ወር በላይ ለሚቆይ ጠጅ መስታወት ይሻላል። የፈላ ውሃም አይግባበት፣ ይኮማተራል።

መስታወት በበኩሉ ገና የሚፈላ ጠጅ ይዞ አጥብቆ ከተከደነ ይፈነዳል። በአንድ ኪሎ ለሦስት ሊትር የተበጠበጠ ብርዝ ሙሉ በሙሉ ሲብላላ ከእያንዳንዱ ሊትር ከ50 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ ማስተንፈሻ ያስፈልጋል። ርካሹ ከፋርማሲ የሚገኘው የጉሉኮስ ቱቦ ነው። ክዳኑ ላይ ከቱቦው ጥቂት የጠበበ ቀዳዳ በጋለ ምስማር ይበሳል፤ ቱቦው በግድ እየተሳበ ያልፋል። የውስጡ ጫፍ ጠጁን አይንካ፤ የውጭው ጫፍ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ይጠልቃል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጠርሙሱ ወደ ውስጥ ስለሚስብ ብርጭቆው ከጠርሙሱ አፍ በብዙ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በውሃው ፋንታ አረቄ ከተደረገ ደግሞ ተስቦ ቢገባ እንኳ ጉዳት የለውም። በቱቦው ፋንታ ጠርሙሱ አፍ ላይ የሚለበስ በመርፌ የተበሳ ፊኛ ለሳምንት ያህል ይሠራል፣ ከዚያ ጎማው ይሰነጠቃል። እኔ ፊኛ አልወድም።

ሁሉም ተሞልቶ አንዱ ጠርሙስ ጎደሎ ከቀረስ? ውሃ መጨመር ጠጁን ያቀጥነዋል፣ ማር መጨመር እንደገና ያፈላዋል። የልጆች ብይ ግን ያድናል። 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የመስታወት ብይ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል፤ ሃምሳው አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ሞላ ማለት ነው። ያልተቀባ፣ ንጹህ መስታወት የሆነውን መርጦ፣ አጥቦና ቀቅሎ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ጠርሙሱን አጋድሞ አንድ በአንድ ማንከባለል ነው። ጠርሙሱ ቆሞ ብዩ ከተጣለበት ሥሩን ይሰብራል።

አሜሪካ ያላችሁ ባለ አንድ ጋሎን የመስታወት ጠርሙስ በቀላሉ ታገኛላችሁ፤ 3.8 ሊትር ይይዛል፤ የተለመደው አፉ 38 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቁጥር 6 የሆነ ባለ ቀዳዳ የጎማ ውታፍ ይገጥመዋል። በአንድ ኪሎ ማር ግን አይሞላም። ሒሳቡ ከኋላ ወደፊት ይሠራ፦ 1.25 ኪሎ ማር በ3.75 ሊትር ውሃ 4.6 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ አተላውና ጌሾው ሲቀነስ ወደ 4 ሊትር ይቀራል፤ ጋሎኑ ሞልቶ ለአንድ ትንሽ ጠርሙስ ይተርፋል። የመጀመሪያው ባልዲ ግን ቢያንስ 6 ሊትር ይሁን፤ 7 ቢሆን ይመረጣል።

ሸክላን በተመለከተ ወገንተኛ አይደለሁም ማለት አልችልም፤ በወይራ የታጠነ ገንቦ የሚሰጠውን መዓዛ ፕላስቲክ አይሰጥም። ነገር ግን ሸክላ በገላው ይተነፍሳል፣ በቀዳዳዎቹም የኮምጣጤውን ባክቴሪያ ያቆያል። በግራዋ የሚታጠበውና የሚታጠነው በከንቱ አይደለም። በሳምንት ለሚጠጣ ጠጅ ገንቦ ያዙ፣ ለማቆየት አትያዙት። በውስጡ የተቀባ የጌጥ ሸክላ ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ይቅር። ጭሱን ለሚፈልግ የማይዝገውን ብረት ድስት ወይራ በተነሰነሰበት ፍም ላይ ደፍቶ ማጠንና ብርዙን እዚያ መጀመር ይቻላል፤ መስታወት ግን ፍም ላይ አይደፋም።

ለእጥበት አንድ የሾርባ ማንኪያ ሽታ የሌለው በረኪና በአራት ሊትር ውሃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ማለቅለቅ። አሸዋና የብረት ሽቦ ፕላስቲኩን ይጭረዋል፣ ጭረቱም የባክቴሪያ መደበቂያ ይሆናል። አንገተ ጠባቡን በእፍኝ ሩዝና ለብ ባለ ውሃ መናጥ ይበቃል። ለቢራ ጠርሙሱ ቆርኪ ማሸጊያ ከሌላችሁ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የለስላሳ ፕላስቲክ ጎኑ ተጨምቆ ይተካዋል።