አምስት ሰዓት በፈረንጅ ነው በኛ?

የሰፈራችን የሥዕል ኤግዚቢሽንና የክራር ምሽት የተካሄደው ቅዳሜ ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ «እኛም ሰፈር ልናዘጋጅ ነው፤ ከየት እንጀምር?» እያለ የሚደውልልኝ ሰው በዝቷል። ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ሙሉ ማውራት ሰለቸኝ። እስቲ አንዴ ልጻፈውና ይገላግለኝ።

ሐሳቡን ያገኘነው ከፈንድቃ የባህል ማዕከል ነው። ካዛንቺስ በነበረበት ጊዜ የሄደ ያውቀዋል። ግድግዳው ላይ ሥዕል፣ መሐል ላይ ማሲንቆና እስክስታ። ለሙዚቃ የመጣው ሰው ሥዕል ፊት ቆሞ ይቀራል። እኛስ ለምን አንሞክርም አልን። «አልን» ስል ሦስት ነን፦ እኔ፣ ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀች ጎረቤቴና ፖስተር የሚሠራው ወንድሟ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። አዳራሹን ዕድራችን በነፃ ሰጠን፤ ወንበርም ጭምር። ሁለት ነገር ብቻ አስጠነቀቁን፦ ግድግዳው ላይ ምስማር እንዳትመቱ፤ ለቅሶ ከመጣ ወንበሩ ይነሣል። (ሳምንቱን ሙሉ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጤንነት ስጠይቅ ከረምኩ። ከልቤ ነበር፤ ግን ደግሞ ለወንበሩም ነበር።) አጠና አቁመን 23 ሥዕል በሲባጎ ሰቀልን። የሰባት ሠዓሊዎች ሥራ ነው። ከአጠናው ላይ ተንጠልጥለው ከግድግዳ ይልቅ አምረው ነበር።

ቀን ስትመርጡ መጀመሪያ ጾሙን እዩ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ለጭፈራ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 27 ስለነበር ከሁለት ሳምንት በኋላ አደረግነው። በጣም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሠርጉን ረሳሁት! ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ የከተማው ድምፅ ማጉያ ሁሉ ሙሽራ ቤት ነው። አንድ ጥንድ ስፒከርና ሁለት ማይክ ለአንድ ማታ 18 ሺህ ብር ተጠየቅን። ቅድሚያ ይከፈል ተባለ፤ ከፈልን። ዛሬ ቢሆን ጥቅምትን እመርጣለሁ፤ ዝናቡ ወጥቶ፣ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሳይገባ።

አሁን ወደ ደብዳቤው።

የፈቃድ መጠየቂያውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በታች ብዙ ሰው ላይ ስለምናደድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤቴ ወንድም ፖስተሩን ሲሠራ ሰዓቱን «5:00 – 9:00» ብሎ ጻፈው። ስልኩም ኮምፒውተሩም በፈረንጅ ሰዓት ነው። እሱ ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 3 ማለቱ ነው። ፖስተሩ ላይ ትልቅ ጨረቃ ስላለች ማንም አልተደናገረም። እኔ ደግሞ ደብዳቤውን ስጽፍ ፖስተሩን ጎኔ አስቀምጬ ቀዳሁት፦ «ከ5:00 እስከ 9:00 ሰዓት»። ደብዳቤ ላይ ጨረቃ አይሣልም።

ይህን ደብዳቤ ይዤ ሚያዝያ 29 ቀን ወረዳ ሄድኩ። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም፤ ነገም እዚያው ነው የምመላለሰው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር አገልግሎቱ 2 ቀን ይፈጃል ይላል። መዝገብ ቤት ገቢ አድርገው ቁጥር ሰጡት። ኃላፊው ይምሩበት ተባለ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግሥቱም ስብሰባ ላይ ናቸው። ሦስተኛው ቀን ላይ መሩት፤ ለባህል ክፍሉ። የባህል ክፍሉ ባለሙያ ደብዳቤውን ትቶ ከሥሩ ያያያዝኩትን ፕሮግራም ማንበብ ጀመረ።

«እህቴ፣ እዚህ ‹አጭር ንግግር› ይላል። ስለ ምን ነው ንግግሩ?»

«እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት ነው።»

«ጽሑፉን አምጪው።»

እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል ጽሑፍ! ቤት ሄጄ አራት መስመር ጻፍኩ። በዚህ ብቻ ሁለት ቀን ሄደ። ስለዚህ ሁሉም ሰው «ዝርዝር ፕሮግራም አባሪ አድርጉ» ቢላችሁም እኔ አታድርጉ እላለሁ። ካልተጠየቃችሁ አትስጡ። አንድ ገጽ በጨመራችሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ትጨምራላችሁ። «ንግግር» የሚለውን ቃል ደግሞ ጨርሶ አታንሡት።

ከባህል ክፍሉ ወደ ፀጥታ ክፍሉ፣ ከፀጥታ ክፍሉ ወደ ፖሊስ ጣቢያ። ግንቦት 8 ቀን ሐሙስ፣ በአሥረኛው ቀን፣ ማህተምና ቲተር ያረፈበት ወረቀት እጄ ገባ። ደስ ብሎኝ ፎቶ አንሥቼ ለሁሉም ላክሁ። ወረቀቱ ላይ ምን ይላል? «ከ5፡00 እስከ 9፡00 ሰዓት»። ቃል በቃል እኔ የጻፍኩት ነው። አነበብኩት፤ ምንም አልታየኝም።

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። ያ ደብዳቤ አምስት ሰው እጅ ላይ አርፏል። ስለ እንኳን ደህና መጣችሁ ሁለት ቀን ያመላለሰኝ ሰው፣ ርእሱ «የክራር ምሽት» የሚል ደብዳቤ ከረፋዱ 5 ሰዓት ሲጀምር አልገረመውም? አንድ ሰው «ምሽት ትላላችሁ፣ 9 ሰዓት ላይ ጨረሳችሁ፤ እንዴት ነው ነገሩ?» ቢለኝ ኖሮ እዚያው አስተካክዬው እወጣ ነበር።

ቅዳሜ መጣ። 11 ሰዓት ላይ በሩን ከፈትን። 12 ሰዓት ሲሆን ሰማንያ ያህል ሰው ገብቷል። ክራር መቺው መቃኘት ጀመረ። አንድ ጎልማሳ የጎረቤቴን ትልቁን ሥዕል ዋጋ ጠይቆ፣ ትንሽ ተከራክሮ፣ «ልወስደው ነው» ብሎ ሚስቱን ሊጠራ ስልክ አወጣ። ልክ በዚህ ጊዜ ሁለት ፖሊሶች በር ላይ ቆሙ።

ወረቀቱን በኩራት ዘረጋሁላቸው። ወጣቱ አነበበው።

«ፈቃዳችሁ እኮ አልቋል።»

«እንዴት ያልቃል? ገና መጀመራችን ነው።»

«9 ሰዓት ይላል። አሁን 12 ሰዓት ከሩብ ነው።»

ያኔ ገባኝ። እግሬ ሥር መሬቱ የከዳኝ መሰለኝ። «ወንድሜ፣ በፈረንጅ እኮ ነው!» አልኩት።

«እና እኔ ፈረንጅ ነኝ?»

ምን ይመለሳል? እውነቱን ነው። የፈረመው ኃላፊ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ቅዳሜ ማታ ማን ያነሣል? ጎረቤቴን በር ላይ ትቼ እስከ ጣቢያው ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ተረኛውን መኮንን ለመንኩት። ነገሩ ገብቶታል፤ ፈገግ ብሏል እንኳ። ግን «ማስተካከል የሚችለው የፈረመው ብቻ ነው» አለኝ። እዚያው እስክሪብቶ አውጥቼ «ማታ» የሚል ቃል ልጨምርበት ስል ወረቀቱን ቀማኝ። «ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብዳቤ ዋጋ የለውም፤ ጭራሽ ትከሰሻለሽ።» ሕጉን ልቃወም አልችልም። ግን ሰኞ ጠዋት የሚፈርም ሰው ለቅዳሜ ማታ ምን ይጠቅማል?

ስመለስ ግማሹ ሰው ሄዷል። ፖሊስ በር ላይ ሲያይ ማን ይቆያል? ሥዕሉን ሊገዛ የነበረው ሰውዬም የለም። ጎረቤቴ አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ ሲባጎ ታስተካክል ነበር። ያ ይብሳል።

ያዳኑን የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ከኋላ ወንበር ተነሥተው ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጡና ወጣቱን ፖሊስ እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ይሄ የለቅሶ አዳራሽ ነው። ሰው ሞቶ እዚህ ሦስት ቀን ስንቀመጥ ፈቃድ ጠይቃችሁን አታውቁም። ዛሬ ማንም ሳይሞት ብንሰበሰብ ምን አጠፋን?»

ፖሊሱ ጓደኛውን አየ። ጓደኛው መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ ስፒከር ይጠፋል፣ ድምፅ ከግቢ አይወጣም፣ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል።

18 ሺህ ብር የተከፈለበት ስፒከር ጥግ ላይ ተዘግቶ ቆመ። ባለቤቱን ግማሹን እንኳ መልስልኝ ብለው «የኔ ዕቃ ምን በደለ?» አለኝ። የቀረነው ሰዎች ወንበር አስጠግተን ከበብን። ማሲንቆ ተጫዋቹ ሁሉንም ሲታዘብ ቆይቶ ኖሮ ወደኔ ዞሮ እንዲህ አለ፦

አምስት ሰዓት ብሎ ማታ የቀጠረ፣
በቀትር ጨረቃ ሲፈልግ አደረ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ሃቁን ልናገር፦ ያለ ስፒከር ክራሩ የበለጠ ያምር ነበር። ዕድር አዳራሽ ለሚያህል ቦታ ስፒከር አትከራዩ። ይህን የምለው ብሬ ስለተቃጠለብኝ ብቻ አይደለም። ግን ስለሱም ነው።

ከ23 ሥዕል ሦስቱ ተሸጡ። ትልቁ አልተሸጠም፤ እስካሁን ጎረቤቴ ሳሎን ተሰቅሏል። ባየሁት ቁጥር ያ ሰውዬ ስልክ ሲያወጣ ይታየኛል።

ሌላ ልታውቁት የሚገባ፦ ወረዳ ከመሄዳችሁ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። መመሪያው መጀመሪያ ወረዳ ይላል፤ ይበል። ማታ በር ላይ የሚመጣው ወረዳው አይደለም። የዕለቱን ተረኛ ተዋወቁ፣ ሰዓቱን በአፋችሁ ንገሩት። ፈቃዱ እጃችሁ ሲገባ ደግሞ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ነገሩን የማያውቅ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። እናቴ ብታነበው ኖሮ «ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ምን ክራር ነው?» ትለኝ ነበር።

ለጥቅምት ሁለተኛውን ስናዘጋጅ አዲስ ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። «ከቀኑ 11፡00 እስከ ምሽቱ 3፡00 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር» ብዬ፣ ከሥሩም አስምሬበታለሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ አነበበችው። ቀና አለች።

«ቀኑስ በፈረንጅ ነው በኛ?»

«ጥቅምት እኮ የኛ ነው» አልኳት።

ሳቀችና ማህተሙን አሳረፈችበት።