ዲቲ 125ን ከጅማ አየር ጋር ማስማማት፦ ከሲሲ ስሌት እስከ ካንዴላ ቀለም

ከጨረታ የወጣችው ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክሌ አሁን ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ የጅሬንን ዳገትም ሳታንገራግር ትወጣለች። ቱ ስትሮክ (ባለ ሁለት ምት ሞተር) የምትነካኩ ልጆች ሁለት ነገር ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። አንዱ «ሲሊንደሩ ሲሰፋ ስንት ሲሲ ሆነች?» የሚለው ነው። ሌላው የቤንዚን፣ የዘይትና የአየር ድብልቁ።

ሲሲው፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚጠርገው ይዘት፣ ቀላል ነው። የሲሊንደሩን ዲያሜትር በራሱ አባዙት። ውጤቱን በ0.7854 አባዙት። ከዚያ ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች በሚሄደው ርቀት አባዙት። በሚሊሜትር ከሠራችሁ መጨረሻ ላይ ለ1,000 አካፍሉ፣ አለቀ። ዲቲ 125 ከፋብሪካ ስትወጣ ዲያሜትሯ 56፣ ምቷ (የፒስተኑ ጉዞ) 50 ሚሊሜትር ነው። ስታሰሉት 123 ሲሲ ይመጣል። 125 ስሟ ነው እንጂ ልኳ አይደለም።

የኔዋ አሁን 57 ላይ ናት። ይህ 127.6 ሲሲ ይሰጣል። አንድ ሙሉ ሚሊሜትር አስፍቼ ያተረፍኩት አራት ሲሲ ተኩል አይሞላም! በዚህ ምት 150 ለመድረስ ዲያሜትሩ ወደ 62 መጠጋት አለበት። ስለዚህ «ትንሽ አስፍቼ 150 አደረግኳት» የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ኮሎውን (የፒስተኑን ምት የሚወስነውን ዘንግ) ቀይሮ እንደሆነ ጠይቁት። ካልቀየረ ጉራ ነው። ሲሊንደር የሚሰፋው ስላለቀ ነው፤ ጉልበት ለመጨመር ብሎ ማስፋት ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።

ስትለኩ አንድ ቦታ ብቻ አትለኩ። ያለቀ ሲሊንደር ክብ አይደለም። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ በየቦታው ደግሞ በሁለት አቅጣጫ ለኩ።

ከስሌቱ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ከቶርኖ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ቱ ስትሮክ ላይ ጭስ መውጫውም ሆነ ድብልቅ መግቢያው የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተከፈቱ መስኮቶች ናቸው። ቶርኖው ሲያሰፋ የመስኮቶቹን ጠርዝ ምላጭ ያደርገዋል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) በእያንዳንዱ ምት በዚያ ጠርዝ ላይ ያልፋል። ወደ መስኮቱ ትንሽ ብቅ ሲል ጠርዙ ይይዘውና ይሰብረዋል። የቶርኖ ቤቱ ሰውዬ ሲሊንደሩን ሲያስረክበኝ «አንተ ልጅ፣ ጣትህን አስገብተህ ዳብስ» አለኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ዳበስኩ። ቆዳ ይልጣል። ቤት ወስጄ በትንሽ ሞላላ ሞረድ፣ ቀጥሎ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ የእያንዳንዱን መስኮት ጠርዝ ጣቴ ሳይዘው እስኪያልፍ ድረስ አለዘብኩት። በተለይ የጭስ መውጫው የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ላይ አትቸኩሉ። ሞረዱ ከመስኮቱ ወጥቶ ግድግዳውን ከጫረ ሌላ ጣጣ ነው። ስትጨርሱ በሳሙናና በውሃ እጠቡት፣ አድርቁና ወዲያው ዘይት ቀቡት። የብረት ዱቄት በቤንዚን ብቻ አይለቅም።

ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ፒስተኑ ድብልቁን ስንት እጥፍ እንደሚጨምቀው፣ በሲሪንጅ ነው የለካሁት። ፒስተኑን ጫፍ ላይ አድርሼ ዙሪያውን ስስ ግሪስ ቀባሁ፣ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ከነጓርኒሲዮኑ አሰርኩ፣ በካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) ቀዳዳ ዘይት ሞላሁ። የቀዳዳውን ጥርስ ቦታ ቀንሼ 12 ሲሲ ቀረ። 127.6 ሲደመር 12፣ ለ12 ሲካፈል 11.6 ነው። ይህን ቁጥር አይታችሁ አትደንግጡ። ፒስተኑ ሲወጣ የጭስ መውጫው እስኪዘጋ ድረስ ምንም ነገር አይጨመቅም። የጃፓን ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። የኔው መውጫ የሚዘጋው ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ 28 ሚሊሜትር ሲቀረው ነው። በዚህ ሲሰላ ወደ 7 ይመጣል። ደህና ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ድብልቁ። ዘይትና ቤንዚን አንድ ሂሳብ ነው፣ ቤንዚንና አየር ሌላ ሂሳብ። የዘይት ፓምፑ ስለሌላት ቤንዚኑ ውስጥ ነው የምቀላቅለው፣ 32 ለ1። በሊትር 31 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ለባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ 62። ባለ 20 ሲሪንጅ ሦስት ጊዜ ሞልቶ ጠብታ መጨመር ነው። «ዘይት ባበዛ ሞተሩን ይጠብቅልኛል» የሚሉ አሉ። ዘይቱ ግን የቤንዚንን ቦታ ይዞ ነው በጄቱ (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን በሚለካው ባለ ቁጥር ቀዳዳ) የሚያልፈው። ዘይት በበዛ ቁጥር ለዚያው አየር የሚደርሰው ቤንዚን ያንሳል፣ ሞተሩም ይግላል። መጀመሪያ የዘይቱን ልክ ቁረጡ፣ ከዚያ ጄት ምረጡ። ዘይቱን ከቀየራችሁ ጄቱን እንደገና እዩ።

ጅማ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል በ16 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ የሚስበው ቤንዚንም ይቀንሳል፣ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ድብልቁ በ9 በመቶ ገደማ ቤንዚን ይበዛበታል። ለባሕር ጠለል 140 ቁጥር ጄት ልክ ከሆነ እዚህ 128 አካባቢ መሆን አለበት ማለት ነው። እጄ ላይ የነበረው 130 ስለሆነ በሱ ጀመርኩ። ቤንዚን ትንሽ ቢበዛ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ቢያንስ ግን ፒስተን ይበላል።

ጄቱ ልክ መሆኑን የማየው ጅሬን ዳገት ላይ ነው። ነዳጅ ሙሉ ሰጥቼ እወጣና ፍሪሲዮን ይዤ ሞተሩን በአንድ ጊዜ አጠፋለሁ። ከዚያ ካንዴላውን እፈታለሁ። የምታዩት ጫፉን ሳይሆን የነጩን ሸክላ ሥር ነው። ጅማ ላይ ስለ ቡና አቆላል መንገር የለብኝም፦ ሳያር ከምጣድ የሚወጣውን ቡኒ ከመሰለ ጥሩ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በዝቶበታል። ካንዴላው አዲስ ካልሆነ ግን የድሮው ጥላሸት ያሳስታችኋል። ሌላ መፈተሻም አለ። ሙሉ እየሄደች ቾኩን (ለማስነሻ ቤንዚን የሚያበዛውን) ትንሽ ሳብ አድርጉ፤ ጉልበት ከጨመረች ጄቱ ጠቧል።

ዋናው ጄት በዋናነት የሚሠራው ከሦስት አራተኛ ነዳጅ በላይ ስትሰጡ ነው። ከተማ ውስጥ፣ ከአጂፕ እስከ መርካቶ ስትንቀሳቀሱ፣ አብዛኛው ሥራ የካርቡራተሩ መርፌና የትንሹ ጄት ነው። መሃል ላይ ከተንተባተበች መርፌውን አንድ እርከን ዝቅ አድርጉት።

ትልቁ ጥንቃቄ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ነው። ጊቤ ሸለቆ ከጅማ በጣም ዝቅ ያለና ሞቃት ነው። እዚህ ልክ የነበረ ጄት እዚያ ቤንዚን ያንሰዋል። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ከሆነማ የባሰ ነው። ለዚህ ብዬ 140 ጄትና ካቻቢቴ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የምሄደው። ቁልቁለቱን ነዳጅ ዘግታችሁ በማርሽ ብቻ አትውረዱ። ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ ነዳጅ ሲዘጋ ሞተሩ ያለ ቅባት በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ፒስተኑም ይነክሳል። በየመሃሉ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ነዳጅ ሰጥ ሰጥ አድርጉ።

የቀረኝ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ቱቦ) ነው። ውስጡ በዘይት ጥላሸት ተደፍኗል፤ አቃጥዬ ሳጸዳው የጭሱ መንገድ ስለሚከፈት ጄቱን እንደገና ማየቴ አይቀርም። ዲቲ ላይ ማርሚታ ያጸዳችሁ ካላችሁ፣ ስንት ቁጥር ላይ እንዳረፋችሁ ንገሩኝ።