የተሸካሚው ስንቅ

ሙኒክ ውስጥ የተራራ ጉዞ በሚያዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት እሠራለሁ። የእኔ ድርሻ ሒሳቡ ነው፤ ድንኳን፣ ገመድ፣ ጋዝ፣ በረራ፣ ተሸካሚ። ለዓመታት የያዝኩት የኤቨረስትን መንገድ ነበር። እዚያ በየመንደሩ ማረፊያ ቤት አለ። ተሸካሚው ማታ ገብቶ ሩዝና ምስሩን ገዝቶ ይበላል። 900 ኪሎ ዕቃ ካለ፣ ለአንድ ሰው 30 ኪሎ፣ በቃ 30 ተሸካሚ።

ከዚያ ሳይፓል መጣ። ሩቅ ምዕራብ ኔፓል፣ 7,031 ሜትር። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1963 ወጥተውታል፤ ዛሬም የሚሞክረው ጥቂት ሰው ነው። ከኔፓልጋንጅ በትንሽ አውሮፕላን ሲሚኮት ትደርሳለህ፣ የቀረው በእግር ነው። እኔም የድሮውን ሠንጠረዥ ከፍቼ የተራራውን ስም ቀየርኩና ላክሁት።

በማግስቱ ሲርዳራችን፣ የተሸካሚዎቹ አለቃ፣ ከካትማንዱ ደወለ። ታላቄ ስለሆነ «ዳይ» እለዋለሁ፤ በኔፓልኛ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው።

«እነዚህ 30 ሰዎች ምን ይበላሉ?» አለኝ።

«መንገድ ላይ ይገዛሉ።»

«ከማን?»

ዝም አልኩ። ሲሚኮት ያለችበት ሁምላ ራሷ እህል የሚያጥራት ወረዳ ነበረች፤ ሩዝ በአውሮፕላን ይገባላት ነበር። የሚሸጥልን ቢገኝ እንኳ ከልጆቹ አፍ ቀንሶ ነው።

አብረን እንደገና አሰላነው። መውጫው ስድስት ቀን፣ መመለሻው አራት። በቀን አንድ ኪሎ ቢበላ አሥር ኪሎው የራሱ ስንቅ ነው። ለእኛ ዕቃ የሚተርፈው 20 ኪሎ ብቻ። 900 ለ20 ሲካፈል 45 ሰው። ነዳጁ፣ ድስቱና ማደሪያ ሸራው ገና አልገባም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተራራውን ለሚወጡት የቸኮሌታቸውን ግራም ሳይቀር ጽፌያለሁ። ለሚሸከምላቸው ሰው ግን አንድ መስመር እንኳ አልነበረኝም። አያቴ መንገደኛ ስትሸኝ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ስንቅህስ?» ብላ ነበር። እኔ ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

የቡድኑ መሪ አዲሱን በጀት አይቶ ሰው እንድቀንስ ጠየቀኝ። ከስንቁ አልነካም አልኩ። ሁለት ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ጄኔሬተሩ ቀረ። ትልቁ የመመገቢያ ድንኳን ከነወንበሮቹ ቀረ። የግል ሻንጣም ቀለለ። ዕቃው 780 ኪሎ ሆነ፤ ከማብሰያውና ከነዳጁ ጋር 840። 42 ተሸካሚ።

ለዳይ ላክሁለት። ትንሽ ቆይቶ ደወለ።

«በረዶ መንገድ ላይ ቢይዛቸውስ? የሁለት ቀን ጨምርላቸው።»

ጨመርኩ። 47 ሆነ።