ባንኮክ ሆነሽ ታማርሪያለሽ?

ባንኮክ የሚኖር ሰው የማማረር መብት የለውም። ስልክ ላይ «ዛሬስ ደክሞኛል» ባልኩ ቁጥር እህቴ ትስቃለች። ለእሷ ባንኮክ ማለት የባሕር ዳር ፎቶ፣ ርካሽ ልብስና ማሳጅ ነው። (ከተማው ውስጥ የሚዋኙበት ባሕር እንደሌለ ነግሬያታለሁ። አልተቀበለችኝም።)

«ምን አነሰሽ?» ነው መልሷ። እውነቷን ነው፣ የጎደለኝ የለም። መብራት አይጠፋም። ውሃ አይሄድም። እኩለ ሌሊት ብቻዬን ወደ ቤት ስገባ ወደ ኋላ ዞር ብዬ አላይም። ግን ከተማው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቆነጥጣል። ቁንጥጫ ደግሞ ለሰው አይነገርም። እስቲ ዛሬ እኔ ልናገረው።

ቤቴ ኦን ኑት ነው፣ ከሱኩምቪት ጎዳና ገባ ብሎ። ከዋናው መንገድ የሚገነጠሉትን ጠባብ መንገዶች ሶይ ይሏቸዋል፤ የሚጠሩትም በቁጥር ነው። ጎዶሎዎቹ በአንድ ወገን፣ ሙሉዎቹ በሌላው። ሲሰሙት ጥሩ ነው። ችግሩ ሁለቱ ወገኖች እኩል አይራመዱም። እኔ ጋ ሶይ 77 ሲሆን ማዶ ያለው ገና 50 አካባቢ ነው። እንግዳ ጠርቼ «76 ደርሻለሁ፣ ልሻገር?» ብሎ ሲደውልልኝ ምሳው እንደሚቀዘቅዝ ያኔ አውቀዋለሁ።

የእግረኛ መንገዱ የእግረኛ አይደለም። የኑድል ጋሪ አለ፣ የመብራት ምሰሶ አለ፣ ራስ ላይ ሊወድቅ የደረሰ የሽቦ ክምር አለ፣ ከኋላ ደግሞ ሞተር ሳይክል ጥሩምባ ይነፋብሻል። አዎ፣ የእግረኛው መንገድ ላይ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ስለሆነ የላላውን ጡብ ስትረግጪው ከሥሩ ጥቁር ውሃ እስከ ጉልበት ይረጫል። የትኛው ጡብ እንደላላ በቃሌ ይዤዋለሁ። ሶዩ ራሱ ከሞላ ደግሞ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰውን የሞተር ታክሲ ልጅ ለምኜ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በጎን ተቀምጬ እወጣለሁ።

ባቡሩን አልሰድብም። ከላይ የሚሄደው ከ1999፣ ከመሬት በታች ያለው ከ2004 ጀምሮ ይሠራል፤ ሁለቱም ሰዓት አክባሪ ናቸው። እኔ ግን ክሎንግ ቶይ ወደብ አካባቢ ያለ የጭነት አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ አሶክ ጣቢያ ላይ ከላይኛው ወርጄ፣ በር አልፌ፣ ከመሬት በታች ያለው ላይ እንደገና እከፍላለሁ። ደግሞ ቅዝቃዜው! ውጭ ላብ በላብ ሆነሽ ገብተሽ ውስጥ ጥርስሽ ይንገጫገጫል። ዓመቱን ሙሉ ሹራብ ይዤ የምዞረው እዚህ ሞቃት አገር መጥቼ ነው።

ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ደግሞ አየሩ ይከፋል። የመኪናው ጭስ አለ፣ ከከተማ ውጭ የሚቃጠለው የሩዝና የሸንኮራ ማሳ አለ፣ ነፋሱ ደግሞ ጸጥ ይላል፤ ሁሉም ከላያችን ላይ ይቀመጣል። በጃንዋሪ 2025 ከ350 በላይ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ ሰው መኪናውን እንዲተው ብለው ባቡርና አውቶቡስ ለአንድ ሳምንት በነፃ አደረጉ። እኔም በነፃ እየተሳፈርኩ ሳልኩ።

የቤት ነገር በአጭሩ ይለፈኝ። አከራዬ የመብራቱን ሒሳብ በራሷ ተመን ነው የምታስከፍለኝ፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 8 የታይ ባት። የመንግሥቱ ዋጋ ከ4 ባት ብዙም አይርቅም። ይህን ሳነሳባት በጣም ቆንጆ ፈገግታ ታሳየኛለች። እዚህ አገር ፈገግታ ክርክር መዝጊያም ነው።

ወረቀቱ ግን በአጭሩ አያልፍም። በረጅም ጊዜ ቪዛ የሚኖር የውጭ ሰው በየ90 ቀኑ አድራሻውን ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ቤት ባይቀይርም። እዚያው ቤት፣ እዚያው ክፍል፣ «አሁንም አለሁ» ማለት ነው። አከራይ ደግሞ የውጭ ሰው ቤቱ ባደረ በ24 ሰዓት ውስጥ ማስመዝገብ አለበት፤ የኔዋ ይህን እንድትሠራ የለመንኳትን ያህል ታቦት ፊት ብለምን ይበቃኝ ነበር። በዚህ ላይ ከአገር ስትወጪ የመመለሻ ፈቃድ ካልያዝሽ የመኖሪያ ፈቃድሽ እዚያው ያበቃል። የአንድ ጊዜው 1,000 ባት ነው፣ የብዙ ጊዜው 3,800። አጎቴ ያረፉ ሌሊት ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ዓይኔን እየጠረግሁ፣ ይህንኑ ፎርም ስሞላ ነበር። ሌላው ሰው ወደ ለቅሶ ሲሮጥ እኔ ጉርድ ፎቶ እፈልጋለሁ።

የቀን ጉዳይማ ተዉት። የታይ ዘመን ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማል። የቤት ውሌ ላይ 2568 ተጽፏል፣ ቪዛዬ ላይ 2025፣ እናቴ ጋ ደግሞ ገና 2017 ነበር። አንድ ደስ የሚለኝ ነገር ግን አለ። ታዮች ማታውን እንደኛ ነው የሚቆጥሩት። ፈረንጅ ሰባት ሰዓት ሲል እነሱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይላሉ። የቢሮ ልጆች ለእራት «ሁለት ሰዓት» ብለው ሲቀጥሩ ፈረንጁ ባልደረባችን ግራ ይገባዋል፣ እኔ በሰዓቴ እደርሳለሁ። እኩለ ሌሊት ካለፈ ግን ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ፤ እዚያ ላይ ተለያየን።

ጾም ሲመጣ ሌላ ጣጣ ነው። አትክልት ብቻ ብለሽ ብታዢም የዓሣ መረቅ ይገባበታል፤ ለእነሱ ይሄ እንደ ጨው ነው፣ ምግብ አይመስላቸውም። ለሁዳዴ መላ ብዬ ያገኘሁት «ጄ» የሚሉት የቻይናዎች የጾም ምግብ ነው። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት አለው። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ። ተመስገን አልኩ። ቀመስኩት። ለካ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ይከለክላል! ሽንኩርት የሌለው ጾም ምን ዓይነት ጾም ነው? የኛ አባቶች ብዙ ነገር ከልክለውናል፣ ቀይ ሽንኩርት ላይ ግን አልደረሱም። በተረፈ ስኳር ነው። ኑድል ቤት ጠረጴዛ ላይ ከበርበሬው ጎን ስኳር ይቀመጣል፤ ሾርባው ላይ በማንኪያ ይነሰንሱታል።

ይህ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው ስልኩ ነው።

ባንኮክ ለኛ ሰው የሕክምና ከተማም ነው። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፣ ሆስፒታሎቹ የታወቁ ናቸው፤ «እዚህ አይቻልም፣ ውጭ ይሂድ» የተባለ ሰው አቅሙ ከፈቀደ ወይም ዘመድ ካዋጣለት ወዲህ ይመጣል። እዚህ ደግሞ እኔ አለሁ። የማላውቀው ቁጥር ይደውላል፣ «ስልክሽን የሰጠችኝ እትዬ እገሊት ናት» ይላል። አየር ማረፊያ መቀበል፣ ናና የሚባለው ሰፈር ማደሪያ መፈለግ፣ ሲም ካርድ ማውጣት፣ ከዚያ ቀጠሮ ላይ ገብቶ ማስተርጎም። የአማርኛ አስተርጓሚ ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ፤ የታመመ ሰው ግን «የኛ ሰው ይኑር» ይላል። እንዴት እምቢ ይባላል? ሰዓቱም አያግዝም፤ አገር ቤት እራት ተበልቶ ስልክ የሚነሳበት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እዚህ እኩለ ሌሊት ነው።

ባለፈው አንድ ጋሼ መጡ፣ የእናቴ ጎረቤት ወንድም። ካፖርታቸውን አላወልቅም ብለው በዚያ ሙቀት ከነካፖርታቸው ሆስፒታል ገባን። ዶክተሩ ወጣት ታይ ነው፣ እንግሊዝኛው ጥርት ያለ። ምስሉን ስክሪኑ ላይ ከፍቶ በእስክሪብቶ እያመለከተ ያስረዳል። የት እንደጀመረ፣ ወዴት እንደሄደ፣ ምን ማድረግ እንደሚቻል፣ ምን እንደማይቻል። የሚያየው እኔን ነው። እኔ የማየው የጋሼን ጉልበት ነው፤ ባርኔጣቸውን እዚያ ላይ አስቀምጠው ያሽከረክሩታል።

ከመግባታችን በፊት ልጃቸው ከአዲስ አበባ ደውሎ ነበር። «አደራ፣ ለአባዬ እንዳትነግሪው። ቁስለት ነው፣ በመድኃኒት ይድናል በይው። እኛ ቀስ ብለን እንነግረዋለን።» አደራ የሚባል ነገር ደግሞ አለ። ዶክተሩ ሲጨርስ ወደ ጋሼ ዞርኩና «ቁስለት አለ ነው የሚለው፣ መድኃኒት ያዝልዎታል» አልኩ። ዶክተሩ ጠበቀ። የምቀጥል መስሎት ነበር። «ሁሉንም ነገርሻቸው?» አለኝ። ልጃቸው የጠየቀኝን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ከልጃቸው ጋር በስልክ ይነጋገራል ተባባልን።

ኮሪደሩ ላይ ጋሼ ባርኔጣቸውን አደረጉና «ልጄ» አሉኝ፣ «ሰውዬው ያን ሁሉ ሰዓት ሲያወራ፣ ያንቺው ባንድ ትንፋሽ አለቀ።» ምንም አልመለስኩም። እሳቸውም አልደገሙትም። መድኃኒት ቤቱ ወረፋ ላይ ቆመን ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ልጅ የለኝም አልኳቸው። መረቁኝ። ከሰዓት ቢሮ ገብቼ የኮንቴነር ደረሰኝ ስደምር ዋልኩ።

ለእህቴ የትኛውን ብዬ ልንገራት? ጡቡን፣ ሽንኩርቱን፣ ወይስ ይሄን? «የሰው ምርቃት ታገኛለሽ» አለችኝ አንዴ። አገኛለሁ፣ አልዋሽም። ምርቃት ግን የዕረፍት ፈቃድ ቀን አይጨምርም፤ አለቃዬ የማያልቁ ዘመዶቼን መቁጠር ጀምሯል። «ይሄኛው ደግሞ አጎት ነው?» ይለኛል። አጎት ነው እላለሁ። እናቴ ሰፈር የአጎት ድርቅ የለም።

ሰኞ ደግሞ አንዲት እትዬ ይመጣሉ። ጉልበታቸውን ነው። ስለ ጉልበት የሚደበቅ ነገር ስለሌለ ቀጠሮውን በደስታ ያዝኩ። «ሽሮ ይዤልሽ ልምጣ ወይ?» ብለው አስደውለዋል፤ በርበሬም ጨምሩበት ብያለሁ።