ባሕር ላላዩ ልጆች ስለ ባሕር ሳስተምር

«ቲቸር፣ ባሕሩ ቢኮመጥጥ እኛን ምን አገባን?»

ይህን የጠየቀኝ ኋላ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ ነው። አባቱ ጣና ላይ አሳ አጥማጅ ናቸው። የማስተምረው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም ሳንርቅ ነው። ከተማሪዎቼ ግን ጨዋማውን ባሕር በዓይኑ ያየ የለም። እኔም አላየሁም። ለእኛ ጎጃም ላደግን ሰዎች ባሕር ማለት ጣና ነው።

ልጁ አልተሳሳተም። ጥፋቱ የኔ ነበር። የዚያን ቀን ሰሌዳውን በኬሚካል ቀመር ሞላሁት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ እንዲህ ይሆናል እያልኩ ወረድኩበት። ልጆቹ ዝም ብለው ገለበጡ። እንዳልገባቸው ከፊታቸው ይታወቃል።

ማታ ቤቴ ተቀምጬ ሳስበው ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ካለ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ላይ አረፈ። አምቦ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርገው እኮ ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው! ወዲያው ግማሹን ድስት ላይ አፍልቼ ጋዙን አስወጣሁትና አቀዘቀዝኩት። ከገበያ ያመጣሁትን ቀይ ጥቅል ጎመንም ከትፌ ቀቀልኩና ውሃውን አጠለልኩ። የዚህ ጎመን ውሃ አሲድ ሲያገኘው ወደ ቀይ፣ የአሲድ ተቃራኒ ሲያገኘው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል።

በማግስቱ ሁለት ብርጭቆ ይዤ ገባሁ። አንዱ ውስጥ እዚያው ፊታቸው የከፈትኩትን አምቦ፣ ሌላው ውስጥ የፈላውን ቀዳሁ። በሁለቱም ላይ የጎመኑን ውሃ እኩል ጨመርኩ። ገና የተከፈተው ሐምራዊ ሆነ። ጋዙ የወጣለት ወደ ሰማያዊ ሄደ። ውሃው አንድ ዓይነት ነው፤ የተለየው ጋዙ ብቻ ነው። ልጆቹ ከወንበራቸው ተነስተው ከበቡኝ።

ከዚያ በኋላ ማስረዳቱ ቀለለኝ። የሰው ልጅ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ እያነደደ፣ ደን እየመነጠረ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ውቅያኖስ ይውጠዋል። አሲድነት የሚለካው ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት የባሕሩ ወለል ፒኤች 8.2 ገደማ ነበር። አሁን 8.1 አካባቢ ደርሷል። «በቃ፣ ይቺ ናት?» አሉኝ። የፒኤች መለኪያ ግን እንደ ክንድ ወይም እንደ ሜትር እኩል እኩል አይሄድም። አንድ ቁጥር ሲወርድ አሲድነቱ በ10 እጥፍ ነው የሚጨምረው። ይቺ ትንሽ የምትመስል ለውጥ 30 በመቶ ገደማ ጭማሪ ናት።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ሠራሁ። የእንቁላል ቅርፊት ኮምጣጤ ውስጥ ጨምሬ ሲፍለቀለቅ አሳየኋቸው። በጣም ወደዱት። ቤታቸው የሄዱት ግን «ባሕር ውስጥ ያሉ ቀንድ አውጣዎች እየሟሙ ነው» እያሉ ነው። ይህን ለማረም አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጀብኝ። ባሕሩ ኮምጣጤ አልሆነም፤ አሲድ የሚባለው ፒኤቹ ከሰባት በታች የሆነ ነው፣ ባሕሩ ግን ዛሬም ከሰባት በላይ ነው። የመጀመሪያው ችግር ያለው ግንባታው ላይ ነው። ቅርፊት የሚሠራው ውሃው ውስጥ ከሚገኝ ካርቦኔት ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። አሲዱ ሲጨምር ካርቦኔቱን ይሻማበታል። ቤት እየሠራህ ድንጋይህን ሌላ ሰው ሲወስድብህ ማለት ነው። ትልቁ እንስሳ ይቋቋመው ይሆናል። ገና የተፈለፈለው እጭ ግን ቅርፊት ለመሥራት ያለውን ጉልበት ሁሉ ይጨርሳል።

ከሁሉም በላይ ልጆቹን የያዛቸው የኦሪገን ታሪክ ነው። አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ላይ ኦይስተር የሚያራቡ ሰዎች አሉ፤ ኦይስተር ሁለት ቅርፊት ያለው፣ ሰዎች የሚበሉት የባሕር እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 እጮቹ በገንዳው ውስጥ በብዛት ማለቅ ጀመሩ። መጀመሪያ በሽታ መስሏቸው ነበር። በኋላ ውሃውን ሲለኩት ነገሩ ሌላ ሆነ። ነፋሱ የላዩን ውሃ ወደ ውጭ ሲገፋው፣ ካርቦን የበዛበት ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልቁ ይወጣል። እነሱ ደግሞ ያንኑ ውሃ ወደ ገንዳቸው ይስቡታል። መፍትሔው ውሃውን ሳያቋርጡ እየለኩ ሶዲየም ካርቦኔት መጨመር ሆነ፤ የኛው የአቢጃታ ሶዳ አሽ ማለት ነው። ገንዳውን እንዲህ አዳኑት። ባሕሩን በሙሉ ግን በሶዳ ማከም አይቻልም።

ያው ጋዝ አየሩን ሲያሞቅ ባሕሩም ይሞቃል። ይህን ደግሞ በሸርጣን አስረዳኋቸው። ከአላስካ ወዲያ ባለው በቤሪንግ ባሕር፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 በኋላ ባሉ ጥቂት ዓመታት ስኖው ክራብ ከሚባለው የሸርጣን ዓይነት 10 ቢሊዮን ገደማ ጠፋ። ውሃው ሲሞቅ የሸርጣኑ ሰውነት ብዙ ምግብ ይጠይቃል። ምግቡ ግን አልበቃም፤ ራባቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን ሸርጣን ማጥመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከለከለ። በሸርጣን ይተዳደሩ የነበሩ ትንንሽ የደሴት ከተሞች ገቢያቸው ተናጋ። ቅርባችን ዛንዚባር ላይም የባሕር አረም የሚያለሙ ሴቶች አሉ። ጥልቀት የሌለው ውሃ ሲሞቅ አረሙ ይሞትባቸዋል። ቀዝቀዝ ያለውን ፍለጋ ወደ ጥልቁ መግባት ሊኖርባቸው ነው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ዋና አይችሉም። ይህን ስነግራቸው አንዲት ልጅ «ታዲያ እንዴት ይገባሉ?» አለችኝ። ጥያቄዋ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

የልጁን አባት ያገኘኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። «ጋሼ፣ ልጅዎ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ» አልኳቸው። ሳቅ አሉና እንዲህ አሉኝ፤ «መምህር፣ የኛ ሐይቅ እንኳ የታመመው በሌላ ነው። ነጭ አሳ ክረምት ሲገባ ሊወልድ ወደ ወንዝ ይወጣል። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ከዘረጋህበት ዘሩን ነው የምትበላው። በዚያ ላይ እንቦጩ አለ።» እውነታቸውን ነው። የጣናን ችግር የውቅያኖሱ ነው ብዬ ብናገር ውሸት ይሆንብኛል። ከኦሪገን ሰዎች የምንወስደው ግን አለ፤ ውሃን መለካት።

ቴርሞሜትር ገዝተን ጀመርን። የመጀመሪያውን ወር መዝገብ ሙሉ በሙሉ ጣልኩት። አንዱ ጠዋት ጀልባ ላይ ሆኖ ይለካል፣ ሌላው እኩለ ቀን ላይ ከዳር፣ ፀሐይ ያሞቀውን። ሐይቁ በየቀኑ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ይመስል ነበር። አሁን ደንብ አለን። ሁልጊዜ ያው ቦታ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ክንድ ተኩል ጥልቀት፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ። ዝናብና ነፋስ ከነበረ አጠገቡ ይጻፋል። በዚያ ቀን የተያዘው ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ አሳም ለየብቻ ይቆጠራል።

የሚቆጥሩልን አባትየው ናቸው። ጠዋት ከሐይቁ ሲመለሱ መረባቸውን ሳያራግፉ ልጃቸውን ይጠሩታል።

«ዛሬስ ስንት አለ?»