ፋጉሎው የምን እንደሆነ ሳትጠይቁ ለጥጃ አትግዙ

ሱሉልታ ድርቆሽ አይቸግርም። ጥጃ ለማሳደግ ስነሳ ያሳሰበኝ ሳሩ ሳይሆን ተጨማሪው መኖ ነበር። እንገሩ እንደተወለዱ ወዲያው፣ ወተቱ ጠዋትና ማታ፣ ንጹህ ውሃ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ፤ ይህን ማንም ይነግራችኋል።

ማንም ያልነገረኝ የፋጉሎውን፣ የቅባት እህል ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን፣ ነገር ነው። ሰፈራችን ያለ መኖ ቤት "የተመጣጠነ" እያለ የሚሸጠው ድብልቅ አለ። ጆንያው ላይ ምንም አልተጻፈም። ምን እንደገባበት ስጠይቅ ነጋዴው "ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ጨው። ላሙም ጥጃውም ይበላዋል" አለኝ። የወረዳው ባለሙያም ስልጠና ላይ ስለ ፋጉሎ ፕሮቲን ሲያወራልን ዋለ፤ የኑግ ይሁን የጥጥ ፍሬ፣ ለወላድ ላም ይሁን ለሁለት ወር ጥጃ፣ ትንፍሽ አላለም። ለሻይ እረፍቱ ግን ሰዓት አክባሪ ነበር።

ዲቃላ ጥጆቼ ድብልቁን ወደዱት፤ ለሳምንታት አማረባቸው። ከዚያ ትልቋ መብላት ቀነሰች፣ ፀጉሯ ቆመ። ከበረቱ እስከ ውሃ ገንዳው ስትሄድ እንኳ መሃል ላይ ቆማ አንገቷን ዘርግታ ታለከልካለች። ሐኪም ጠራሁ፤ የሳንባ ምች ነው ብሎ ወጋት። መልሶ ወጋት። ለውጥ የለም፣ ሞተች። ስትከፈት ደረቷ ውስጥ ቢጫማ ውሃ ሞልቷል፤ ልቧ ላልቶ ሰፍቷል። "ምን ስታበላቸው ነበር?" ብሎ የጠየቀኝ ሁለተኛው ሐኪም ነው፤ የመጀመሪያው መርፌውን እንጂ ጆንያውን አላየም። ይሄኛው ከድብልቁ እፍኝ ዘግኖ መዳፉ ላይ በተነው። ከዱቄቱ መሃል ነጭ የጥጥ ጭረት የተጣበቀበት ቅርፊት ወጣ።

የጥጥ ፍሬ ጎሲፖል የሚባል መርዝ አለው። ላም ብዙውን ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ታከሽፈዋለች። የጥጃ ጨጓራ ገና ስላልዳበረ መርዙ እየተጠራቀመ ልብና ጉበት ይጎዳል። ምልክቱ የሚታየው ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ስለሆነ መኖውን የሚጠረጥር የለም። ላቦራቶሪ አላስመረመርኩም፤ ድብልቁን ካቆምኩ ወዲህ ግን የቀሩት አገገሙ። ነጋዴውን ሄጄ ብነግረው "ሌላ ሰው አላማረረም" ብሎ ሸኘኝ። ጆንያው ዛሬም በሩ ላይ ተደርድሯል።

አሁን ራሴ እደባልቃለሁ፤ ግማሹ የተሸረከተ በቆሎ፣ ሩቡ ፉርሽካ፣ ሩቡ የኑግ ፋጉሎ፣ ጨው ቆንጠር አድርጌ። ፕሮቲኑ 16 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ ለጥጃ አያንስም። የኑግ ፋጉሎም ቢሆን አይታመንም። አዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ሲገኝ ጣት የተቀሰረው በሱ ላይ ነው። ሰባብራችሁ አሽቱት፤ ሻጋታ ከሸተተ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

በዩሪያ የታከመ ጭድ ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ አይሰጥም፤ ይህንንም ስልጠናው ላይ የነገረን የለም። አተላ ደግሞ ጎረቤቶቼ ለጥጃ ይሰጣሉ፤ እኔ ለላሞቹ እንጂ ለጥጃ አላስጠጋም።

ባለሙያዎች ጥጃው በቀን አንድ ኪሎ ገደማ መኖ መብላት ከቻለ ወተቱን አቁሙ ይላሉ። አላቆምም። ሦስት ወር እስኪሞላቸው በቀን አንዴ አጠጣለሁ፤ ወተት የሚረከበኝ ሰው ጠዋት ጠዋት ቢያጉረመርምም።