ወደ ሚልተን የቀትር ባቡር የለም

ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ቶሮንቶ፣ ዩኒየን ጣቢያ፣ የመነሻ ሰሌዳው ስር ቆሜያለሁ። የሌክሾር መስመር አለ። ኪችነር አለ። ባሪ አለ። ሚልተን የለም።

ዓይኔ አልፎት እንደሆነ ብዬ እንደገና ከላይ ጀመርኩ። የለም። ጠዋት ከሚልተን ያመጣኝ ባቡር ቀን ቀን ወደ ሚልተን አይመለስም። የጊዜ ሰሌዳውን በወጉ ሳላይ ከቤት መውጣቴ የራሴ ጥፋት ነው። ግን እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለራሴ አልነበረም። ይሄ ነገር በየቀኑ የሚገጥማቸው ሰዎች እነማን ናቸው? ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው ይሄ ጥያቄ ነው።

(ዓመተ ምህረቱን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሚልተን ከቶሮንቶ በስተምዕራብ ያለች ከተማ ናት። ዘመድ ጥየቃ ሄጄ እዚያ ነበር የሰነበትኩት። በ2001 ቆጠራ የነዋሪዋ ቁጥር 31,471 ነበር። በ2021 ደግሞ 132,979 ሆነ። በሃያ ዓመት ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ጠዋት ጣቢያው ላይ ስትቆም ይሄ ቁጥር ሰው ሆኖ ይታይሃል። ገና ሳይነጋ መኪና ማቆሚያው ይሞላል። ሰው ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት በሩ የሚቆምበትን ቦታ ያውቀዋል። ምንም ምልክት የሌለበት አስፋልት ላይ ሰልፉ በቡድን በቡድን ተሰርቷል።

ቶሮንቶን በዙሪያዋ ካሉ ከተሞች ጋር የሚያገናኘው የጎ ባቡር አረንጓዴና ነጭ፣ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ረጅሙ አሥራ ሁለት ፉርጎ ይስባል። አንዱ ፉርጎ 162 መቀመጫ አለው። ላይኛው ፎቅ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የዝምታ ቦታ ነው። ስልክ አይወራም። ላይ ወጣሁ። ፊት ለፊቴ አንድ ሰውዬ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የቦርሳውን ማንገቻ እጁ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ ተኝቷል። ሊስጋር፣ ሜዶቬል፣ ስትሪትስቪል፣ ኤሪንዴል፣ ኩክስቪል፣ ዲክሲ፣ ኪፕሊንግ። ሰው ገባ፣ ማስታወቂያ ተነገረ፣ ሰውዬው ንቅንቅ አላለም። ዩኒየን ልንደርስ ሁለት ደቂቃ ሲቀረን ዓይኑን ገለጠ፣ ማንገቻውን ፈታ፣ ተነሳ። የቀሰቀሰው ሰው የለም። ሰውነቱ መንገዱን ለምዶታል።

ለእሱ ይሄ ባቡር ግሩም ነው። አልዋሽም፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ከአውራ ጎዳናው መጨናነቅ ጋር አይወዳደርም። ችግሩ ባቡሩ የተሠራው ለእሱ ዓይነት ሰው ብቻ መሆኑ ነው። የሚልተን መስመር በ1981 ሲጀመር ጠዋት ወደ መሀል ከተማ፣ ማታ ወደ ቤት ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ የባቡሩ ቁጥር ጨምሯል። አካሄዱ ግን ያው ነው። ቀን የለም። ቅዳሜና እሁድ የለም። ጠዋት ከቶሮንቶ ወደ ሚልተን የሚሄድ የለም።

ምክንያቱ ከሀዲዱ ስር ነው። ሀዲዱ የመንገደኛ ባቡሩ ንብረት አይደለም። ባለቤቱ ሲፒኬሲ የሚባለው የጭነት ባቡር ድርጅት ነው። ለሱ ይሄ ዋና መስመሩ ነው። መንገደኛ ቀኑን ሙሉ በሁለቱም አቅጣጫ ይመላለስ ከተባለ ስምምነት ያስፈልጋል፣ ተጨማሪ ሀዲድም መዘርጋት አለበት። ከሌክሾር ጋር ስታስተያየው ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ይታያል። ሌክሾር በ1967 የጎ አገልግሎት የተጀመረበት መስመር ነው። አብዛኛው ሀዲድ ዛሬ የሜትሮሊንክስ፣ ማለትም የክፍለ ሀገሩ የትራንስፖርት ተቋም ነው። ስለዚህ ከ2013 ክረምት ጀምሮ ቀኑን ሙሉ በየግማሽ ሰዓቱ መሄድ ተችሏል። የሌክሾር ሰው ሰሌዳ ሳያይ ከቤቱ ይወጣል። የሚልተን ሰው እንደኔ ሳያይ ከወጣ ሰሌዳ ስር ይቆማል።

ባቡሩ በሌለበት ሰዓት በሱ ፈንታ አውቶቡስ አለ፣ 21 ቁጥር። ከዩኒየን በቀጥታ ይዤው መሄድ እችል ነበር። ግን ከመጣሁ አይቀር የማየው ነገር አለ አልኩና በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ሰሜን ተጓዝኩ። ሃይዌይ 407 የሚባለውን ጣቢያ ማየት ፈልጌ ነበር።

ይሄ ጣቢያ በታኅሣሥ 2017 ነው የተከፈተው። አንደኛው የምድር ውስጥ መስመር 8.6 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ሲረዝም ከተጨመሩት ስድስት ጣቢያዎች አንዱ ነው። ዙሪያው መንደር የለም። አውራ ጎዳና፣ ሜዳ፣ የመኪና ማቆሚያና የአውቶቡስ ተርሚናል ነው። ውስጡ ግን ያስደነግጣል። ዴቪድ ፐርል የሚባል አርቲስት የሠራው ባለቀለም መስታወት አለ። እኔ በደረስኩበት ሰዓት ፀሐይ ወጥታ ነበር። ብርቱካንማና ሰማያዊ ብርሃን ወለሉ ላይ ተንጣሏል። አንዲት ተማሪ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ እዚያ ቀለም ውስጥ ተቀምጣለች። ገጹ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆኗል። እሷ ከጽሑፏ ቀና አላለችም።

ስለ ተማሪዎች ካነሳሁ አይቀር፣ እዚህ የመጣሁበት ምክንያት እነሱ ናቸው። ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ሁለት ፌርማታ ነው። ድሮ ከየከተማው የሚመጡት የጎ አውቶቡሶች ግቢው ውስጥ ገብተው ነበር የሚያወርዱት። ተማሪው ወርዶ በእግሩ ክፍል ይገባል። የምድር ውስጡ ባቡር ሲመጣ ግን አውቶቡሶቹ በጥር 2019 ከግቢው ወጥተው እዚህ 407 ላይ እንዲያበቁ ተደረገ። ካርታ ላይ ሲታይ ልክ ነው። አውቶቡስ ከባቡር ጋር አይሻማ፣ ባቡሩን ይመግብ ነው ነገሩ። ተማሪው ጋ ሲደርስ ግን ሌላ ነው። አንድ የነበረው ጉዞ ሁለት ሆነ። ለሁለት ፌርማታ ሌላ ቲኬት መክፈልም መጣ።

መፍትሔው የመጣው በየካቲት 2024 መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ታሪፍ የሚባለው አሠራር ተጀመረ። የቶሮንቶው ትራንዚት፣ ጎ እና በዙሪያው ያሉ ከተሞች አውቶቡሶች በአንድ ጉዞ ሁለቴ ማስከፈላቸውን አቆሙ። መጀመሪያ ካርድህን የነካኸው ከተማ አውቶቡስ ላይ ከሆነ ሁለት ሰዓት፣ ጎ ላይ ከሆነ ሦስት ሰዓት የመቀያየሪያ ጊዜ አለህ። ጥሩ ነው፣ እሰየው። ግን ከጥር 2019 እስከ የካቲት 2024 አምስት ዓመት ነው። በመካከሉ አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ አራት ዓመት ከፍሎ፣ ተመርቆ ወጥቷል። የታሪፉ ለውጥ ከመስመሩ ለውጥ ጋር በአንድ ቀን መምጣት ነበረበት። እኔ በዚህ ድርድር የለኝም። አዲስ ጣቢያ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። አውቶቡሱ ከደጁ የተነሳበትን ሰው ግን ያን ቀን ማንም አይጠይቀውም።

ከ407 በአውራ ጎዳናው አውቶቡስ ወደ ሚሲሳጋ፣ ስኩዌር ዋን ተርሚናል ወረድኩ። መንገዱ ፈጣን ነው፣ ከመጋዘን በቀር የሚታይ ነገር የለውም። ስኩዌር ዋን ላይ የሚልተኑን አውቶቡስ ስጠብቅ ከጎኔ አማርኛ ሰማሁ። አንዲት እናት በስልክ እያወሩ ነው። "ቁልፉ ምድጃው ላይ ነው፣ እራትህን አሙቅ" ብለው ዘጉ። ሰላም አልኳቸው። እንደተዋወቀ ሰው ነው የመለሱልኝ። ሚልተን ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የሚሠሩት። ሺፍታቸው ከ9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ቤታቸው ቶሮንቶ ነው።

"ታዲያ እንዴት ነው የሚመላለሱት?" አልኳቸው።

በጣታቸው ቆጠሩልኝ። "በምድር ውስጡ ባቡር ኪፕሊንግ። ከኪፕሊንግ በከተማ አውቶቡስ እዚህ። ከዚህ በጎ ሚልተን። ከዚያ በእግሬ።"

"የሚልተን ባቡርም እኮ ኪፕሊንግ ይቆማል።"

"ይቆማል እንጂ! ጠዋት ሲመጣ ወደዚያ ነው፣ እኔ የምሄደው ወደዚህ ነው። ማታ እኔ ስወጣ ደግሞ እሱ ተኝቷል። ስድስት ዓመት ሠራሁ ልጄ፣ አንድ ቀን ተሳፍሬበት አላውቅም።"

ያልኩትን ጥያቄ የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው። ጠዋት ዝምታው ፎቅ ላይ ተኝቶ ከነበረው ሰውዬ ጋር በአንድ መስመር ላይ ነው የሚኖሩት። እሱ በተቀመጠበት አንድ ሰዓት ተኝቶ ይደርሳል። እሳቸው ሦስት ቦታ ይወርዳሉ፣ ሦስት ቦታ ይቆማሉ።

ክፉ ብቻ አላወሩም። የሚሲሳጋ አውቶቡሶች በጥር 2021 ከኢስሊንግተን ወደ አዲሱ የኪፕሊንግ ተርሚናል መዛወራቸውን ደጋግመው አመሰገኑ። "ሊፍት አለ። ይሄ ጉልበቴ ደረጃ አይወድም።" ስለ አንድ ታሪፉ ስጠይቃቸው ካርዳቸውን አወጡ። ፕሬስቶ የሚባለው የትራንስፖርት መክፈያ ካርድ ነው፣ አረንጓዴ። ጠርዙ ተልጧል፣ ቁጥሩ ደብዝዟል፣ በላስቲክ ከረጢት ተደርጎ በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። "ድሮ በነካሁት ቁጥር ሆዴ ይጨነቅ ነበር። አሁን ሦስቴ ብነካም አንዴ ነው።" ይሄን ሲሉ ፊታቸው በራ። ቢሮ ውስጥ የተፈረመ ወረቀት የሰው ሆድ ድረስ ሲገባ ያየሁት ያኔ ነው።

አውቶቡሱ መጣ። ካርዳቸው ማሽኑ ላይ ጢው አለ፣ አረንጓዴ ምልክት በራ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በመስኮቱ ግራና ቀኝ አዳዲስ ቤቶች ያልፋሉ። አንዳንዱ ገና ጣሪያ አልለበሰም። እዚህ የሚገባውን ሕዝብ አሰብኩ። ሁሉም በጠዋት መሀል ከተማ የሚወርድ አይደለም። መጋዘን የሚሠራ አለ። ሐኪም ቤት የሚያድር አለ። ቀጠሮው ቀትር ላይ የሆነ አለ። ክልሉ እንዲህ ሲያድግ ሰው በሁሉም አቅጣጫ ነው የሚሄደው።

"ቀን ቀን ባቡር ቢኖር ስንት ሰዓት ይተርፍዎታል?" አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። "ልጁ ለምሳ ሲመጣ አገኘው ነበር" አሉ።

ሚልተን ጣቢያ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ደረስን። ወረድን። ሳልጠይቃቸው በአገጫቸው ወደ ሀዲዱ አመለከቱኝ። "ማታ ስወጣ ባቡሮቹ ሥራ ጨርሰው ቆመው ነው የሚያድሩት። ባዷቸውን። እኔ ከመንገዱ ማዶ አውቶቡሴን እጠብቃለሁ፣ ሀዲዱን እያየሁ።" ሰዓታቸውን አዩ፣ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። "በል ደህና ሁን፣ ሺፍቴ ደረሰ" ብለው መንገዱን ተሻገሩ።

እኔ ትንሽ ቆየሁ። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ባቡር ከቶሮንቶ ገና አልመጣም። መድረኩ ላይ ማንም አልነበረም።